ከላይ ጥቁር፣ ከታች ማር፦ በመሃል ያለውን ድንበር ማጥፋት

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ፀጉሬ ጥቁርና ጥምዝ ነው፤ ሲዘረጋ ከትከሻዬ አልፎ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። ከሥሩ ጥቁር ሆኖ ወደ ታች እየፈካ የሚሄደውን፣ ጫፉ ማር የሚመስለውን አቀባብ በጣም እወደዋለሁ። ፀጉር ቤት ለመሠራት አቅሜ ስለማይፈቅድ ቤቴ ልቀባው አስቤያለሁ። ያስፈራኝ ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ነው። እሷም ቤቷ ተቀብታ ፀጉሯ መሃል ላይ በማስመሪያ የተሰመረ መስሎ ቀረ፤ ከላይ ጥቁር፣ ከታች ብርቱካን። እኔ ከዓመት በፊት ፀጉሬን በሙሉ ጥቁር ቋሚ ቀለም ተቀብቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። ከ5 ሳምንት በኋላ እህቴ ታገባለች። እስከዚያ ይደርስልኛል? ጓደኛዬስ ያንን መስመር የምታጠፋበት መንገድ ይኖር ይሆን?»
የ24 ዓመት አንባቢዎ

እህቴ፣ እንኳን ሳትቀቢ ጻፍሽልኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት አንዲት ነገር ከሁሉም ትበልጥብኛለች፦ ከዓመት በፊት የተቀባሽው ጥቁር ቀለም። ዓመት ስላለፈው ለቋል ብለሽ ይሆናል። አልለቀቀም። ፀጉር በወር 1 ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ አለፍ ያለ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የበቀለልሽ አዲስ ፀጉር ከራስ ቅልሽ ጀምሮ ቢበዛ እስከ 15 ሳንቲሜትር ድረስ ያለው ነው። ከዚያ በታች ያለው፣ ማለትም አንቺ ልታፈኪው የምትፈልጊው ክፍል በሙሉ፣ ያንን ጥቁር ቀለም እስከ ዛሬ በውስጡ ይዞታል።

ቀለም ደግሞ ቀለምን አያነሳም። ካርቶኑ ላይ የማር መልክ ያላት ሴት ፎቶ ያለበት ቀለም ያልተቀባ ፀጉርን አንድ ሁለት ደረጃ ሊያፈካ ይችላል፤ በቀለም የጠቆረውን ግን አይነካውም። እንዲያውም ያንን ቀለም ከላይ እስከ ታች ብትቀቢው የሚፈካው አዲስ የበቀለው የላይኛው ፀጉርሽ ይሆንና ከታች ጥቁር፣ ከላይ ቀላ ያለ ፀጉር ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ከፈለግሽው ጋር ፍጹም ተገላቢጦሽ ማለት ነው።

ስለዚህ ያለሽ መንገድ ብሊች ነው። ብሊች ቀለም አይሰጥም፤ ያለውን ይበላል። ጥቁር ፀጉር ሲበላ ደግሞ በአንድ ጊዜ ማር አይሆንም። መጀመሪያ ቀይ ቡኒ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ፣ በመጨረሻ የገረጣ ቢጫ ይሆናል። ጥቁርና ቡኒ የሚያደርገው ሜላኒን ቀድሞ ሲበተን ቀይና ቢጫ የሚያደርገው ወደ ኋላ ስለሚቀር ነው። ጓደኛሽን ያስደነገጣት ብርቱካን መንገዱ ላይ ያለ አንድ ፌርማታ ነው፤ እሷ እዚያ ላይ ወረደች። የተቀባ ጥቁር ግን ከተፈጥሮው ጥቁር ይልቅ ግትር ነው፤ አንዱ ቦታ ቶሎ ይለቃል፣ ሌላው ቦታ ቀይ ቡኒ ላይ ቆሞ አልነቃነቅ ይላል።

የምመክርሽን በግልጽ ልንገርሽ። ማሩን ለጊዜው ተዪውና ደረት ነት ወደሚመስል ሞቅ ያለ ቡኒ ሂጂ። ጥቁር ላይ ቀስ እያለ የሚወርድ ቡኒ የሚያምረው ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ነው። ድንበሩም በቀላሉ ይጠፋል፤ ሁለት ቀለሞች በተራራቁ ቁጥር በመካከላቸው ያለውን መስመር መደበቅ ይከብዳል። ከጥቁር ወደ ቡኒ የሚወስድ እጅ በአንድ ቀን ይለመዳል። ከጥቁር ወደ ማር ግን ብዙ የሠራች እጅ ትፈልጋለች።

ይህን የምልሽ ከራሴ ስለደረሰብኝ ነው። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ፣ ፀጉር ሥራን ገና ሳልማር፣ ጫፉ አልፈካ ቢለኝ በአንድ ከሰዓት ሁለት ጊዜ ብሊች አደረግሁበት። ሁለተኛውን ሳጥብ ፀጉሬ ጣቶቼ መሃል እንደ ማስቲካ ተሳበ፤ አልተበጠሰም፣ አልተመለሰምም፣ እየቀጠነ ይሳባል። ሲደርቅ ግን መበጠስ ጀመረ። ለብዙ ዓመታት የሌሎች ሴቶችን ፀጉር ስሠራ ያ እርጥብ ፀጉር ጣቴ ላይ ሲሳብ የተሰማኝ ነገር ከእጄ አልጠፋም። ጫፍ ማለት በራስሽ ላይ ካለው ፀጉር ሁሉ ያረጀው ነው። ፀጉርሽ 40 ሳንቲሜትር ከሆነ ጫፉ 3 ዓመት ገደማ ፀሐይ፣ ማበጠሪያ፣ ካስክና ፒያስትራ የቻለ ነው። ጥምዝ ፀጉር ደግሞ በየመታጠፊያው ደካማ ነው። በዚያ ላይ ነው ብሊች የምናደርገው።

እንግዲህ ሙከራው ላይ እንምጣ። በዚህ ሳምንት የምትሠሪው ይህንን ብቻ ነው፤ ሁለት ሙከራ አለ።

የመጀመሪያው የቆዳሽ ነው። የምትጠቀሚውን ቀለም፣ ማለትም ከብሊቹ በኋላ መልኩን የሚያሰክነውን ቶነር፣ ከጆሮሽ ጀርባ ወይም ክንድሽ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ቀብተሽ በማሸጊያው ላይ እንደታዘዘው 48 ሰዓት ትጠብቂያለሽ። ጠቆር ያሉ ቋሚ ቀለሞች ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል፤ ብዙ ሰው አይጎዳውም፣ የሚጎዳውን ግን ክፉኛ ይጎዳዋል። ባለፈው ዓመት ተቀብተሽ ምንም አለመሆንሽ ዋስትና አይሆንሽም፤ አለርጂው ከብዙ መቀባት በኋላም ሊመጣ ይችላል። «ጥቁር ሂና» የሚሉትን ጊዜያዊ ንቅሳት ተነቅሰሽ ቆዳሽ አብጦ ወይም አሳክኮሽ ከነበረ ቀለሙን ጨርሶ አትንኪው። በማንኛውም ጊዜ ፊትሽ ወይም ዓይንሽ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ነገ አይባልም፤ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ነው። አስም ካለብሽም የብሊች ዱቄት ብናኙ ሊቀሰቅስብሽ ስለሚችል ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ተዪው።

ሁለተኛው የፀጉርሽ ነው፤ እኔ የምወደውም ይህን ነው፤ ፀጉርሽ ራሱ ይነግርሻል። ከማጅራትሽ በላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ማንም ከማያየው ቦታ የክብሪት እንጨት የምታህል ቀጭን ዘለላ እስከ ጫፉ ያለውን ርዝመት ይዘሽ ቁረጪ። አንዱን ጎን በክር እሰሪው። በፕላስቲክ ሳህን (ብረት አይሁን) ጥቂት ብሊች ከ6 በመቶ ዴቨሎፐር (ብሊቹን የሚያሠራው ፈሳሽ) ጋር በማሸጊያው ላይ ባለው መጠን በጥብጪ። 6 በመቶው «20 ቮልዩም» ተብሎ ይጻፋል። 12 በመቶው ወይም 40 ቮልዩም ቤት ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም፤ ፍጥነቱ ለእጅሽም ለፀጉርሽም አይሆንም። የዘለላውን ታችኛ ግማሽ ቀቢና ሰዓት ያዢ። በየ10 ደቂቃው ጥቂቱን በእርጥብ ጥጥ ጥረጊና ተመልከቺ፤ በ10 ደቂቃ ምን ቀለም፣ በ20 ምን፣ በ30 ምን እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፊው። ማሸጊያው ከሚፈቅደው ደቂቃ አታሳልፊ። ከዚያ አጥበሽ ሳይደርቅ አንዲት ፀጉር ለይተሽ በሁለት እጅሽ በቀስታ ሳቢ። ትንሽ ተስባ ወደ ነበረችበት ከተመለሰች ፀጉርሽ ይችላል። ሳትሳብ ጧ ካለች ወይም ተስባ ካልተመለሰች፣ እህቴ፣ ብሊቹን እዚያው አቁሚ። ዘለላው ሲደርቅም በቀን ብርሃን እዪው፤ እርጥብ ፀጉር ሁልጊዜ ከደረቀው ይጠቁራል።

በዚህ ሙከራ ላይ ሌላም ነገር ይወጣል። በመሃል ሂና ነክቶሽ ከሆነ፣ በተለይ ብረት ነክ ጨው የተቀላቀለበት «ሂና»፣ ዘለላው ሊግል፣ ሊያጨስ ወይም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ይህን በተቆረጠ ዘለላ ላይ ማየትና በራስ ቅል ላይ ማየት አንድ አይደለም። ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል፣ ሪላክሰር፣ የነካው ፀጉር ከሆነም ብሊቹ ይቅር፤ ሁለቱም የፀጉሩን ውስጣዊ ማያያዣ ነው የሚበጥሱት።

ዘለላው «እሺ» ካለሽ ወደ ሥራው እንግባ። የጓደኛሽ መስመር ከየት እንደመጣ ሳላየው ልነግርሽ እችላለሁ ብዬ አምናለሁ። ፀጉሯን በላስቲክ ይዛ፣ ከላስቲኩ በታች ያለውን በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ በወፍራሙ፣ እኩል ቁመት ላይ ለቅልቃው ነው። ብሊች የት እንደጀመረ ፀጉር አይረሳም። እኩል ከጀመረ እኩል ይቆማል፤ እኩል የቆመ ነገር ደግሞ መስመር ነው። ስለዚህ ዋናው ብልሃት በእጅ አጀማመርና በደቂቃ ልዩነት ላይ ነው።

ከየት እንደምትጀምሪ የምትወስኚው ፀጉርሽ ደርቆ፣ በራሱ ጥምዝ ላይ ሆኖ፣ መስታወት ፊት ቆመሽ ነው። ጥምዝ ፀጉር ሲዘረጋና ሲሰበሰብ ቁመቱ ስለሚለያይ ዘርግተሽ «ከትከሻ በታች» ያልሽው ሲሰበሰብ ጆሮሽ አጠገብ ይመጣል። ለአንቺ ጅማሬው በተሰበሰበ ጥምዝ አገጭሽ አካባቢ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ከኋላ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ይበል።

ፀጉሩ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ ብሊቹ ቀጥኖ ወዳላሰብሽበት ይፈስሳል። አራት ቦታ ክፈዪና በመቆንጠጫ ያዢው። ከማጅራት ጀምሪ። ሁለት ጣት የሚያህል ዘለላ ያዢና ጫፉን በግራ እጅሽ አጥብቀሽ፣ በሚዶ ከመሃል ወደ ሥሩ እየገፋሽ አበጥሪው፤ ፀጉር ለማግዘፍ የሚደረገው ዓይነት። ግማሹ ፀጉር ወደ ላይ ተገፍቶ ይጎፈራል፣ ግማሹ ብቻ እጅሽ ላይ ይቀራል። እጅሽ ላይ የቀረውን ነው የምትቀቢው። የተጎፈረው ሳይቀባ ስለሚተርፍ ሲፈታ ጥቁሩና የፈካው እርስ በርሱ ይሰባጠራል። ይህች አንዲት ነገር ብቻዋን የመስመሩን ግማሽ ታጠፋለች።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ጫፉን፣ የመጨረሻውን አንድ ሦስተኛ፣ ውስጥና ውጪውን አርኪው። ከዚያ ወደ ላይ ስትሄጂ ብሊች አትጨምሪ። ብሩሹን አቁሚውና በጠርዙ ብቻ፣ ላዩን ላዩን፣ ወደ ላይ ጥረጊው፤ ብሩሹ ላይ የቀረው እያለቀ ይሂድ። ፈረንሳዮች «ባላያጅ» የሚሉት ቃል ትርጉሙ መጥረግ ነው፤ እጅሽ መጥረጊያ እንደያዘ አስቢ። የላይኛው ጠርዝ ቀጥ ያለ እንዳይሆን የእሳት ነበልባል ቅርጽ አስመስዪው፤ አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር። ቀጣዩን ዘለላ ደግሞ ከመጀመሪያው አንድ ጣት ከፍ ወይም ዝቅ አድርገሽ ጀምሪ። እኩል አለመሆኑ ያምርበታል።

ዘለላዎቹን በአልሙኒየም ወረቀት ብትጠቀልያቸው ብሊቹ እርጥብ ሆኖ ይሠራል፤ የደረቀ ብሊች ሥራውን ያቆማል። ግን ወረቀቱን ከላይ አጥፈሽ አትጫኚው። ያ እጥፋት ራሱ መስመር ያወጣል፤ እኔ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነው። ከላይ ክፍቱን ተዪው። ካስክ ሥር አትግቢ፤ ሙቀት ነገሩን ከእጅሽ ያስወጣዋል።

ደቂቃውን ከዘለላው ማስታወሻ ላይ ውሰጂ። ዘለላው በ30 ደቂቃ የምትፈልጊው ቡኒ ላይ ከደረሰ መጀመሪያ ጫፎቹን ብቻ ቀቢ። 15 ደቂቃ ሲሞላ መሃሉን፣ 20 ሲሞላ ደግሞ የላይኛውን ጥርጊያ ጨምሪ። ሁሉም አብሮ ሲታጠብ ጫፉ 30፣ መሃሉ 15፣ ከላይ ያለው 10 ደቂቃ ብሊች ነክቶታል። «እየፈካ የሚሄድ» የምንለው ይህ ልዩነት ነው። የኋላውን ጨርሰሽ ወደፊት እስክትደርሺ ጊዜ ስለሚሄድ ሰው ቢያግዝሽ መልካም ነው። ጓደኛሽ ብትሆን ሁለታችሁም ትማሩበታላችሁ። ካልተገኘም ከኋላና ከፊት በሁለት ቀን ከፍለሽ ሥሪው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ አሮጌ ልብስ ልበሺ። የተረፈሽን ብጥብጥ ከድነሽ አታስቀምጪ፤ ጋዝ እያወጣ ዕቃውን ሊያፈነዳ ይችላል። ዓይንሽ ውስጥ ከገባ በብዙ ውኃ እያጠብሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ለብ ባለ ውኃ አጥበሽ በሻምፖ ካስለቀቅሽው በኋላ የምታዪው ቀለም ሸካራና ቀላ ያለ ይሆናል። አትደንግጪ፤ አላለቀም። የሚያሰክነው ቶነር ነው። የቀለም ሕጉ ቀላል ነው፤ ሰማያዊ ብርቱካንን ያጠፋል፣ ወይን ጠጅ ቢጫን ያጠፋል። ያንቺ ብርቱካን ስለሚሆን ሰማያዊ መነሻ ያለው፣ አመዳማ ቡኒ የሚባለው ቶነር ነው የሚስማማሽ። ብዙ ሰው ወይን ጠጅ ሻምፖ ገዝቶ ብርቱካን ፀጉር ላይ ሲያፈስ ይኖራል፤ የሚለወጥ ነገር የለም። ቶነሩን በፎጣ በደረቀ ግን እርጥበት ባለው ፀጉር ላይ ቀቢና በየ5 ደቂቃው እዪው። እዚህም ላይ የላይኛውን ድንበር በሚዶ ወደ ታች ጎተት ጎተት አድርጊው፤ የቀረ ሸካራ ነገር ካለ ይቀልጣል።

አሁን ለጓደኛሽ። ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት መስመሩን ለማጥፋት ከመስመሩ በላይ እንደገና ብሊች ማድረግ ነው፤ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አይጠፋም። መፍትሔው ወደ ታች ማጥቆር ነው። በጥቁሯና በብርቱካኗ መካከል ያለ መካከለኛ ቡኒ፣ ቋሚ ያልሆነ፣ አሞኒያ የሌለው ቀለም ትፈልግ። ከመስመሩ አንድ ጣት ከፍ ብላ ጀምራ፣ ወደ ታች እንደ ጣት ጣት የተለያየ ርዝመት እያደረገች በብሩሽ ትጎትተው። አንዱ ዘለላ ላይ አምስት ሳንቲሜትር፣ ሌላው ላይ አሥር። ጫፉን ትተወው፤ እሱን ሰማያዊ መነሻ ባለው ቶነር ታስክነው። ብሊች የበላው ፀጉር ቀለም ቶሎ ስለሚጠጣ ከምታስበው ይልቅ ሊጠቁር ይችላል፤ እሷም መጀመሪያ በአንዲት ዘለላ ትሞክረው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ ፀጉር ይመስላል።

ከብሊች በኋላ ፀጉርሽ ውኃ ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎም ይደርቃል። በየእጥበቱ ኮንዲሽነር፣ በሳምንት አንዴ ጫፉን ብቻ የሚቀባ ወፈር ያለ ማስክ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፒያስትራው ይረፍ። ጥምዝሽ ትንሽ ላላ ብሎ ብታዪው አትገረሚ፤ የፈካው ክፍል ላይ እንዲያ ይሆናል። ጫፉ ከተሰነጠቀ 1 ወይም 2 ሳንቲሜትር ማስቆረጥ ከማንኛውም ቅባት የተሻለ መድኃኒት ነው፤ ሴቶች መቀስ ሲባል ለምን እንደምንሸሽ አይገባኝም። ዋና የምትወጂ ከሆነም ከመግባትሽ በፊት ፀጉርሽን በንጹሕ ውኃ አርጥቢው፤ በገንዳ ውኃ ውስጥ የሚገኝ መዳብ የፈካ ፀጉርን አረንጓዴ ሊያስመስለው ይችላል።

ስለ ሠርጉ፦ ይደርሳል፤ ግን የሠርጉ ዋዜማ ሥራ አታድርጊው። ሙከራውን በዚህ ሳምንት፣ ዋናውን ሥራ በሚቀጥለው ሳምንት ሥሪ። ካልፈካልሽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አሳርፈሽው ሌላ ሙከራ ለማድረግ ጊዜ ይኖርሻል። ዘለላሽ አልችልም ካለሽ ደግሞ ፀጉርሽን ሳትነኪ የእህትሽን ሠርግ ማድመቅ ትችያለሽ፤ ከጥቁር ወደ ማር እየፈካ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቅጥያ አለ። ሂዩማን ሄር ከሆነ ሥሩን ከራስሽ ጥቁር ጋር በቀለም ማመሳሰል ይቻላል። አርቲፊሻሉ የፀጉር ቀለም ስለማይቀበል ከመግዛትሽ በፊት ከፀጉርሽ ጎን አድርገሽ በቀን ብርሃን አስተያዪው። ከሠርጉ በኋላ በወር 1 ሳንቲሜትር የሚበቅለው ያልተቀባ ፀጉርሽ እየወረደ፣ የተቀባው ጫፍ በመቀስ እያለቀ ሲሄድ፣ ማሩንም ያን ጊዜ በጤነኛ ፀጉር ላይ እንሞክረዋለን።

የዘለላውን ውጤት ጻፊልኝ፤ በስንት ደቂቃ ምን ቀለም ላይ እንደደረሰና ስትስቢው እንዴት እንደሆነ። ደቂቃውን አብረን እናሰላለን።